ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለ

ተናድጃለሁ። ይህን ከመጀመሪያው ብትሰሙ ይሻላል፤ ኋላ «ምነው እንዲህ ቱግ አለች» እንዳትሉኝ። ነገሩ ካለፈ ሰንብቷል፤ ባለቤቴም «እስካሁን አልወጣልሽም?» ይለኛል። አልወጣልኝም። ሜትሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ ድንገት ትዝ ሲለኝ ብቻዬን አጉረመርማለሁ፤ አጠገቤ ያለው ሰው ቀስ ብሎ ይነሣና ሌላ ወንበር ይፈልጋል። ይፈልግ። እኔም ስናደድ ሰፋ ብዬ መቀመጥ እወዳለሁ።

ነገሩ የትምህርት ነው። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ እማራለሁ። ከምንኖርበት ሰፈር ከስቶቭነር በሜትሮ ተሳፍሬ፣ ከልጄ ትንሽ ከፍ ከሚሉ ወጣቶች ጋር አንድ ክፍል ተቀምጬ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ በኖርዌጂኛ እማራለሁ። አስተማሪዬ ሲግሪድ ትባላለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህንንም አስቀድሜ ልናገር፣ ስሳደብ እሷ ላይ እንዳታላክኩብኝ። ክፉው ሌላ ነው።

እኔ የማውቀው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሲገባ ብድግ የሚባልበትን ነው። ጠመኔ አለ፣ ሰሌዳ አለ፣ ከኋላ የሚንሾካሾክ አለ፣ የሚቆነጠጥ ጆሮ አለ። እዚህ ጠመኔም ጆሮም አይነካም። ጠዋት በሩ ላይ የተለጠፈችውን ዥንጉርጉር ካሬ በስልካችን ፎቶ እናነሣታለን፤ መጥተናል ማለት ነው። ያላነሣ አልመጣም። አንድ ቀን ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ሳላነሣት ገባሁ። ሲግሪድ ሰላም አለችኝ፣ ስለ ልጄ ጠየቀችኝ፣ ብስኩት ሰጠችኝ። ቤቴ ገብቼ ስልኬን ቻርጅ ሳደርገው «ዛሬ ከትምህርት ቀርተሻል፤ ምክንያቱን አስረጂ» የሚል መልእክት ይጠብቀኛል። በማግስቱ «ሲግሪድ፣ ብስኩትሽን በልቼ እንዴት ቀረሁ?» ስላት «ያ፣ እኔ አይቼሻለሁ። ሲስተሙ ነው ያላየሽ» አለችኝ፤ «ያ» በነሱ አዎ ማለት ነው። እንደ ቀልድ ሰምቼ አለፍኩት። ያኔ ነበር መናደድ የነበረብኝ።

ጥያቄም በአፍ አይጠየቅም። ሲግሪድ ከፊታችን ቆማ፣ እኛ ከፊቷ ተቀምጠን፣ ጥያቄው በስልክ ይመጣል። ከሥሩ አራት ቀለም አለ። ትክክለኛውን ቀለም ፈጥኖ የነካ ያሸንፋል፤ ሙዚቃው ይደለቃል፣ የመሪዎቹ ስም ግድግዳው ላይ ይወጣል። «ምግብ አልበላም ያለ ሽማግሌ ቢገጥምሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ይላል፣ ሰከንዱ ወደ ኋላ እየቆጠረ። እንግዲህ ምግብ እምቢ ያለ ሽማግሌ በጥድፊያ ይሆናል? አጠገቡ ቁጭ ትያለሽ፣ ስለ ልጆቹ ታወሪዋለሽ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ ሄደሽ ታሞቂያለሽ፣ ተመልሰሽ ቁጭ ትያለሽ። እኔ ይህን ሳስብ ሙዚቃው ያልቅና ስሜ ከታች ይወጣል። አንደኛ የሚወጣው ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጠው ጎረምሳ ነው። በሕይወቱ ሽማግሌ አጥቦ አያውቅም፤ ጣቱ ግን ፈጣን ነው።

ይህን ሁሉ የቻልኩት ለምን መሰላችሁ? የምሠራው አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ግን ቪካር ነኝ። ቪካር ማለት ሌላ ሠራተኛ ሲታመም የሚጠራ ሰው ነው። ጠዋት ተነሥቼ፣ ለብሼ፣ ስልኬን ፊቴ አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ሰው ካልታመመ ሥራ የለም። የሰው ጉንፋን የምትናፍቅ ሴት አደረጉኝ፤ ይህንን ለንስሐ አባቴ እንኳ ለመናገር አፍሬያለሁ። እና ኃላፊዋ አንድ ቀን ጠርታ «ቋሚ ቦታ ተከፍቷል። አረጋውያኑ አንቺን ይወዱሻል። የመጨረሻውን ፈተና ካለፍሽ ቦታው ያንቺ ነው፤ ካላለፍሽ ግን ሳልወድ ለሌላ ልሰጠው ነው» አለችኝ። ቋሚ።  ከመጦሪያው ወጥቼ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ እንደቆምኩ ለእመቤቴ ለማርያም ተሳልኩ። ይህን ፈተና እርጂኝና ጃንጥላ አስገባልሻለሁ አልኳት፤ ያውም ዳር ዳሩ በወርቅማ ዘርፍ የተጌጠውን።

ታዲያ ፈተናው ሲቃረብ ሲግሪድ ደስ ብሏት ገባች። «የምሥራች፣ ዘንድሮ ቤታችሁ ሆናችሁ ትፈተናላችሁ» አለች። በኮምፒውተር ነው፤ አንድ ፕሮግራም በካሜራው እያየ ይጠብቀናል። ዓይናችን ወዴት እንደዞረ፣ ከንፈራችን መንቀሳቀሱን፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው መኖሩን ያያል። ያልጣመው ነገር ካየ ቀይ ምልክት ያደርጋል፤ ቀዩ ከበዛ አጭበርብረሻል ማለት ነው። የፕሮግራሙ ስም አልያዝ ስላለኝ ዘበኛው አልኩት። አሁን ሳስበው ዘበኞችን መስደብ ሆነብኝ። እኔ የማውቃቸው ዘበኞች ሰው አይተው ይለያሉ።

እንግዲህ ካሜራ ቤቴን ሊያይ ነው፤ እንግዳ ማለት ነው እኮ። ከዋዜማው ጀምሬ ወለሉን ፈገፈግኩ፣ መስኮቱን ወለወልኩ፣ የሶፋውን ልብስ ቀየርኩ። ባለቤቴ ታደሰ አልናብሩ በሚባል ሰፈር የዕቃ መጋዘን ውስጥ ስለሚሠራ በጠዋት ወጥቷል። ልጄ ሩት ግን ቤት ናት። የእሷ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ አስተማሪዎቹ አዲስ ታብሌት መጥቶላቸው ሥልጠና ላይ ናቸው አለችኝ። ክፍሏ ገብታ በሯን ዘግታ እንድትቀመጥ በእኔ ሞት አስማልኳት።

የቀረው ቦታ መምረጥ ነው። ሰው የጭንቀቱ ቀን የት ይቀመጣል? ሳሎን፣ ከእመቤቴ ሥዕል ሥር። እናቴ ከአዲስ አበባ የላከችልኝ ትልቅ ሥዕል ነው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፤ ግራና ቀኝ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው ቆመዋል፤ ከላይ ደግሞ ክንፍ ብቻ ያላቸው ትንንሽ የመላእክት ፊቶች አሉ። የሁሉም ዓይን ትልልቅ ነው፤ የሁሉም ዓይን ወዳንቺ ነው። ከኋላዬ ትሁንልኝ ብዬ ሆን ብዬ መረጥኩት። ጀርባዬን ስሰጣት ይቅርታ ጠየቅኳትና ተቀመጥኩ።

ዘበኛው ፊቴን አየ። መታወቂያዬን አየ። ኮምፒውተሩን አንሥቼ ክፍሉን እየዞርኩ እንዳሳየው አዘዘኝ፤ የወለወልኩት እንዳይቀርበት ቀስ ብዬ አሳየሁት። ከዚያ ጽሑፍ መጣ። «ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለ። ፈተናውን ለመጀመር ብቻሽን መሆን አለብሽ።»

ደነገጥኩ። ሩት መስላኝ ዞርኩ፤ በሯ ዝግ ነው። ከሶፋው ኋላ አየሁ፣ ቁም ሣጥን ከፈትኩ። ሌባ ገብቶ ይሆናል ብዬ መጥረጊያ ይዤ በረንዳ ወጣሁ፤ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ላይ አበባ የምታጠጣ ሴትዮ እጇን አውለበለበችልኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። «ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለ።» ያኔ ነው ስክሪኑ ላይ ከትከሻዬ በላይ ቀይ ካሬ ያየሁት። ካሬው እመቤቴ ፊት ላይ ነው። ሌላ ትንሽ ካሬ ልጇ ላይ አለ። አንድ ሚካኤል ላይ፣ አንድ ገብርኤል ላይ፣ ትንንሾቹ መላእክትም አልቀሩም። «ሰዎቹን ከክፍሉ አስወጪ» ይለኛል።

እንግዲህ ፍረዱ። እመቤቴን ከሳሎኗ ውጪ ልበላት? እናቴ በስንት መከራ፣ በስንት ሰው ሻንጣ የላከችልኝን? ከስክሪኑ ጋር መጨቃጨቅ ጀመርኩ፤ ምን እንዳልኩት አልደግመውም፣ ጾም ነበር።

ሩት ድምፄን ሰምታ መሐላዋን አፍርሳ ወጣች። ካሬዎቹን አየችና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ማሚ፣ ባረ ታ ደም ኔድ» አለች በኖርዌጂኛ። «አውርጃቸው በቃ። ለአንድ ሰዓት ነው፣ ኋላ መልሰሽ ትሰቅያቸዋለሽ።»

«ዛሬ? የምፈልጋትን ቀን ላውርዳት?»

«ማሚ፣ ሥዕል እኮ ነው።»

«ሥዕል ከሆነ ይሄ ለምን ሰው ይለዋል?»

 ሥዕሉን ቀና ብላ አየችና «እሺ፣ መጋረጃ አላት አይደል፣ መጋረጃውን ዝጊያ» አለች። ሐሳቧ ደህና ነበር፤ ግን እኛ ቤት ያ መጋረጃ የሚዘጋው ስንጣላ ብቻ ነው። ታደሰና እኔ ነገር ከተፈላለግን ቀድሜ መጋረጃውን እዘጋለሁ፣ እመቤቴ የምንባባለውን እንዳትሰማ። ከዘጋሁት ጠብ አለ ማለት ነው፤ ታደሰም ተዘግቶ ካየ ጫማውን ሳያወልቅ «ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» ይላል። በስለቴ ቀን ፊቷ ላይ መጋረጃ ልዝጋባት? ምን በድያት ነው ትለኛለች። እምቢ አልኩ።

ኮምፒውተሩን ታቅፌ ተነሣሁ። ጠረጴዛውን ዞሬ ተቀመጥኩ፤ ከኋላዬ የሠርጋችን ፎቶ ሆነ። ሚዜዎቹ አሉ፣ የታደሰ አጎቶች አሉ፣ የማን ወገን እንደሆነ እስካሁን ያልታወቀ አንድ ሰውዬም ከመሃል ቆሟል። ዘበኛው አበደ፤ ካሬው በካሬ ላይ ተደራረበ። መኝታ ቤት ገባሁ፤ የሩት ክርስትና ፎቶ አለ፣ ቄሱና ክርስትና እናቷ ቆመው፣ እሷ አፏን በርግዳ ስታለቅስ። ወጥ ቤት ገባሁ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ቀን መቁጠሪያ አለ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ። ዘበኛው ጊዮርጊስን አለፈው። ፈረሱንም አለፈው። ዘንዶው ላይ ካሬ አደረገና «ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለ» አለኝ። ሩት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ሳቁ ጉልበት ነሥቷት።

እኔ አልሳቅኩም። ፈተናው የሚከፈተው እስከ ተወሰነ ሰዓት ነው፤ ካለፈ አለፈ፣ ቋሚው ቦታም አብሮት ሄደ።  ፊት የሌለበት ግድግዳ ፍለጋ በገዛ ቤቴ ስንከራተት አንድ ነገር ገባኝ፤ የእኛ ሰው ባዶ ግድግዳ አይወድም። ባዶ ከሆነ እንግዳ መጥቶ «ገና መግባታችሁ ነው እንዴ?» ይላል። ፎቶ ያላገኘው መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ነበር።

ገባሁና የሽንት ቤቱን ክዳን ዘግቼ ተቀመጥኩበት፤ ኮምፒውተሩን የልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ አደረግኩት። «ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለ።» መስታወቱ ነው፤ እኔን ከጎኔ አየኝና ሌላ ሴት አደረገኝ። በፎጣ ሸፈንኩት። ዝም አለ። የተወለወለው ሳሎን ባዶውን ቁጭ ብሏል፤ እኔ ሽንት ቤት ክዳን ላይ ተቀምጬ ልፈተን ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ እጅ መታጠብ ነበር። እውነቴን ነው።

ፈተና ስጀምር አማትባለሁ። አማተብኩ። ቀይ። «እጅሽን ከፊትሽ አርቂ።» በልቤ ልጸልይ ስል ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ። ቀይ። «ከሰው ጋር እየተነጋገርሽ ነው።» ይህንንስ አልክድም። ጥያቄ ሲከብደኝ ወደ ላይ የማየት ልማድ አለኝ፤ አየሁ። ቀይ። «ዓይንሽ ከስክሪኑ ወጥቷል።» አፍሬ ወደ ታች አየሁ። ቀይ። እሺ ልይህ ብዬ ዓይኔን ሳላርገበግብ ተከልኩበት፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እሱን ምን ይበለው፣ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ እልህ ያዘኝ። እያንዳንዷን ጥያቄ ቀስ ብዬ አነበብኩ፣ ቀስ ብዬ መለስኩ። በየመሃሉ እመቤቴን እጠራለሁ፤ ቀይ ያድርግ፣ ሰልችቶኛል። ሩት በሩን እያንኳኳች «ማሚ፣ ሽንት ቤት መግባት አለብኝ» ስትለኝ እንኳ አልመለስኩላትም። ጎረቤት ሄደች።

ሲያልቅ ውጤቱ መጣ። አልፌያለሁ፣ ያውም በጥሩ ነጥብ። እልል ልል አፌን ስከፍት ከሥሩ ሌላ መሥመር አየሁ። «በማጭበርበር ተጠርጥረሻል። ውጤትሽ ታግዷል።»

ትምህርት ቤት ተጠራሁ። ያው የምንማርበት ክፍል ነው። ሲግሪድ አለች፤ ከፈተናዎች ቢሮ የመጣ አንድ ቀጭን ሰውዬ ኮምፒውተሩን ከፊቱ ዘርግቶ ተቀምጧል። ስሙን ነግሮኛል፤ ተናድጄ ስለነበር አልያዝኩትም። ቀና ብሎ ሳያየኝ ከኮምፒውተሩ ማንበብ ጀመረ።

«ፈተናው ሲከፈት ክፍሉ ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች። ሕፃን ይዛለች።»

«ያ» አልኩ።

ሲግሪድ ደንግጣ አየችኝ።

«አልተንቀሳቀሰችም። ወደ ካሜራው ታይ ነበር። ማን ናት?»

«ማርያም።»

ጻፈ። «እዚያ ቤት ትኖራለች?»

«ያ። እኛ ከገባን ጀምሮ።»

«ሁለት ወንዶችም ነበሩ።»

«ሚካኤልና ገብርኤል ናቸው።»

«እነሱም እዚያው ይኖራሉ?»

«እነሱ ሥራ ይበዛባቸዋል። ግን ይመጣሉ።»

ላስረዳው እችል ነበር። አላስረዳሁትም፤ ይህ ሰው ዓይኑን መቼ እንደሚጠቀምበት ልይለት ብዬ ነው። እሱ ግን ጽፎ ጽፎ ወደ ታች ወረደ።

«ወጥ ቤት ውስጥም አንድ ሰው ነበር።»

«እሱ ዘንዶ ነው።»

አሁን ቀና አለ።

«ቪዲዮውን አይተኸዋል?» አልኩት።

«ናይ፣ አላየሁትም። የማየው ሪፖርቱን ነው።»

«ቪዲዮው የት ነው ያለው?»

«እዚሁ አለ። ሲስተሙ አይቶታል።»

ስናደድ ኖርዌጂኛዬ ቀጥ ይላል፤ ግስ ከቦታው አይዛነፍም። «እኔ ሽማግሌ ሳጥብ» አልኩት፣ «ጀርባው ቆስሎ እንደሆነ ገልጬ አያለሁ። ወረቀቱ ደህና ነው ይላል ብዬ አልብሼው አልሄድም። አንተ እኔን ሌባ ስትል ቢያንስ ገልጠህ እየኝ። ክፈተው።»

ከፈተው። አየ። መጀመሪያ አንገቱ ቀላ፣ ከዚያ ጆሮው። ሲግሪድ በትከሻው አሻግራ አይታ አፏን በእጇ ያዘች። ሳሎኔ በእውነት ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ይህም እንዳይታለፍ።

«ይቅርታ» አለ ሰውየው። «ነገሩ ግልጽ ነው። እገዳውን አነሣልሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል።» ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። እንዲህ ይላል፦ በፈተናው ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ፤ ማንም አልረዳኝም። ከጎኑ ባዶ ሳጥን አለ። «እዚህ ላይ ተጫኚና አለቀ።»

ጣቴን ዘረጋሁ። አልዋሻችሁም፣ ዘረጋሁ። ቋሚው ሥራ እዚያች ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ ጣቴ አልሄድ አለ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የተሳልኩት ትዝ አለኝ። ሽንት ቤት ክዳን ላይ ተቀምጬ ስጠራት የዋልኩት ትዝ አለኝ።

«አልችልም» አልኩ።

«ምኑን?»

«ማንም አልረዳኝም ማለት አልችልም።»

«ማን ረዳሽ?»

ስክሪኑን በአገጬ አሳየሁት። እመቤቴ አሁንም ቀይ ካሬ ውስጥ ሆና ታየዋለች።

ሲግሪድ ጎንበስ ብላ «ዝም ብለሽ ተጫኚው፣ ማንም አይጎዳበትም» አለችኝ በሹክሹክታ። ክፋት የላትም ብያችኋለሁ። «ሲግሪድ፣ ስለት አለብኝ» አልኳት። «እርጂኝ ብዬ ለምኜ፣ ረድታኝ፣ አልረዳችኝም ብዬ ልፈርም? ከዚያ ጃንጥላውን በምን ዓይኔ ይዤላት ልሂድ?» ጃንጥላው ምን እንደሆነ አልገባትም። 

ሰውየው «ካልተጫንሽ ሲስተሙ አይቀበልሽም» አለ። በቁጣ አልነበረም፤ ዝናብ ሊጥል ነው እንደሚል ሰው ነው። ያኔ ፈራሁ። ጠዋት ጠዋት ለብሼ፣ ስልኬን ፊቴ አድርጌ፣ የሰው ጉንፋን ስጠብቅ ታየኝ። ንዴቱ እንባ ሊሆንብኝ ነው፤ እንባዬን ደግሞ ለዚህ ሰው ላሳየው አልፈለግኩም። ቦርሳዬን አነሣሁ።

ሲግሪድ እጇን ሰድዳ ኮምፒውተሩን ዘጋችው። የሱን ኮምፒውተር።

«እዚሁ እፈትናታለሁ» አለች።

«በምን?» አላት ሰውየው።

«በአፌ።»

ወንበሯን ሳበችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ቀርባ አይታኝ አታውቅም። «ምግብ አልበላም ያለ ሽማግሌ ቢገጥምሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። ሙዚቃ የለም፣ ቀለም የለም፣ የሚቆጥር ሰከንድ የለም። ነገርኳት። አጠገቡ ከመቀመጥ ጀመርኩ፣ ስለ ልጆቹ አወራሁት፣ ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ሄጄ አሞቅኩት፣ ተመለስኩ። ሌላ ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። ሌላ ጠየቀችኝ፤ እዚያ ላይ ተሳሳትኩ፣ አረመችኝ፣ ገባኝ። ጥያቄው በከበደኝ ቁጥር ወደ ላይ ነበር የማየው፤ ማንም ቀይ አላደረገብኝም። ሰውየው እጁን አጣጥፎ ይሰማል። ሲግሪድ በመጨረሻ ወደሱ ዞራ «አልፋለች» አለች።

ኮምፒውተሩን ከፈተና ጥቂት ፈለገ። አንዲት ቁልፍ አገኘ፤ «በሰው የጸደቀ» ትላለች። ነካት። ያ ሁሉ ቀይ አረንጓዴ ሆነ። ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልፈጀም።

«ይቺ ቁልፍ አዲስ ናት?» አልኩት።

«ናይ። ሁልጊዜ አለች።»

«ውጤቴን ስታግዱትም ነበረች?»

«ያ።»

«ታዲያ ለምን አልተጫንካትም?»

አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው። «ማንም አልጠየቀኝም» አለ።

እንግዲህ ንዴቴ ያልወጣልኝ ለዚህ ነው። ዘበኛው ፊትና ሥዕል ባይለይ ማሽን ነው፣ ምን ልበለው። ይህ ግን እናት የወለደችው፣ ሁለት ዓይን ያለው ሰው ነው። ቁልፏ ከጣቱ ሥር ሆና፣ እኔ በገዛ ቤቴ ሽንት ቤት ክዳን ላይ ስቀቀል፣ ሌባ ስባል፣ እሱ የሚጠይቀው ይጠብቃል። ሲግሪድም በማግስቱ ክፍል ገብታ ምን አለች? «የበሩን ካሬ ማንሣት እንዳትረሱ።»

ቋሚ ሆኛለሁ። አሁን ሰው ሁሉ ጤና ይሁን፣ እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ። ጃንጥላዋንም አስገባሁ። ታደሰ ተሸክሞልኝ ሄደ፤ ሜትሮ ውስጥ ሰው ሁሉ ዘርፉን ያያል፣ አንዲት ሕፃን ልትነካው ስትሞክር እናቷ ከለከለቻት፣ እኔ ደግሞ ትንካው አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ግን ሥዕሏ ፊት ስቆም እንደገና ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ።

«አንቺስ ብትሆኚ» አልኳት። «ያን ዕለት ለአንድ ሰዓት ብቻ ወደ ልጅሽ ዞር ብትዪ ምን ነበረበት? ዓይንሽን ካሜራው ላይ ተክለሽ አስጠረጠርሽኝ እኮ። ጃንጥላውንስ አስገባሁልሽ፤ ግን ተቀይሜሻለሁ።» መቀየሜን እንድታውቀው መጋረጃውን ያዝኩ፣ ልዘጋባት።

ሩት ከክፍሏ ብቅ አለች። «ማሚ፣ ከማን ጋር ነው የምትጨቃጨቂው? ብቻሽን ነሽ እኮ።»

«ብቻዬን ነኝ ማን አለሽ?» አልኳትና መጋረጃውን ለቀቅኩት።